የእማዬን ፎቶ ካርቱን ለማድረግ፦ ፎቶሾፕ፣ ጂምፕ፣ ኢንክስኬፕ፣ ስልክ ወይስ ኤአይ?

ባለፈው ዓመት የእማዬ 70ኛ ዓመት ልደት ሲቃረብ ሜሪላንድ ያለችው እህቴ ደወለች። "ፎቶዋን ካርቱን አድርገውና ቲሸርት ላይ እናሳትመው። ልጆቹም እኛም አንድ ዓይነት እንልበስ" አለችኝ። ፎቶ መነካካት እወዳለሁና "ምን ችግር አለ፣ የአንድ ማታ ሥራ ነው" ብዬ ተቀበልኩ። አራት ማታ ፈጀብኝ።

ፎቶው ቆንጆ ነው። እማዬ ነጠላዋን አጣፍታ፣ ሹሩባዋ ከፊት ታይቶ፣ አንገቷ ላይ ያለው ንቅሳት ሳይሸፈን፣ ልትስቅ ስትል የተነሳችው ነው። ለካርቱን ግን ከባድ ፎቶ ነበር። ነጠላው ስስ ሽመና ነው። ሹሩባው ደቃቅ መስመር ነው። ንቅሳቱ ደግሞ ከቆዳዋ ቀለም ብዙም አይርቅም። አንዱ ሲያስቸግረኝ ወደ ሌላው እየሄድኩ ያንኑ ፎቶ በአምስት መንገድ ሠራሁት። የታዘብኩትን ልንገራችሁ።

ሰው ሲጠይቀኝ "በምን ሠራኸው?" ይለኛል። እኔ መልሼ የምጠይቀው "የት ልታወጣው ነው?" ብዬ ነው። ለቴሌግራም ፕሮፋይል ከሆነ ምስሉ ከአውራ ጣት ጥፍር አይበልጥም። ማንኛውም ፊልተር ያዋጣል፣ አትድከሙ። ቲሸርት፣ ኩባያ ወይም የምረቃ ባነር ከሆነ ግን ስህተቱ ሁሉ አብሮ ይተልቃል። ያኔ ምርጫችሁ ይቀየራል።

ፕሮግራሙ ከጀርባ ምን ይሠራል?

ፎቶን ካርቱን የሚያደርግ ፊልተር በአብዛኛው ሥራው ሦስት ነው። መጀመሪያ ቆዳውን ያለሰልሳል፣ የዓይንና የከንፈር ጠርዝ ግን እንዳይደበዝዝ ይጠነቀቃል። ቀጥሎ ስፍር ቁጥር የሌለውን የቀለም ደረጃ ወደ ጥቂት ያወርደዋል። በመጨረሻ ብርሃንና ጥላ የሚለያዩበትን ቦታ ፈልጎ መስመር ያሰምርበታል።

የሚያስቸግረው ሦስተኛው ነው። ተራ ፊልተር አፍንጫ ምን እንደሆነ አያውቅም። የሚያየው "እዚህ ጨለማ፣ እዚያ ብርሃን" ብቻ ነው። ስለዚህ ከአፍንጫ ሥር ያለውን ጥላ ጢም አድርጎ ሊያወጣው ይችላል። እማዬን ሁለት ጊዜ ጢም አብቅሎባታል። እንግዲህ ከታች የማወዳድራቸው መንገዶች ዋናው ልዩነታቸው መስመሩን ማን ያወጣዋል የሚለው ነው፦ ሒሳቡ፣ ኤአዩ ወይስ እጃችሁ?

ፎቶውን ሳታዘጋጁ አትጀምሩ

ይሄን ክፍል ብዙ ሰው ይዘለዋል። እኔም ዘልዬው ነው የመጀመሪያው ማታ የባከነብኝ።

ፎቶው በቴሌግራም የሚላክላችሁ ከሆነ እንደ ፎቶ ሳይሆን እንደ ፋይል ይላክላችሁ። እንደ ፎቶ ሲላክ ይጨመቃል። የተጨመቀ ፎቶ ፊት ላይ ትንንሽ አራት ማዕዘን ነጠብጣቦች ይኖሩታል፤ ፊልተሩ ደግሞ እነሱን እንደ ጠርዝ ቆጥሮ መስመር ያወጣላቸዋል። ፊቱ የተጨማደደ ካርታ ይመስላል።

ሁለተኛው ብርሃን ነው። በእኛ የቆዳ ቀለም ላይ ይሄ ነገር ወሳኝ ነው። ፊልተሮቹ "ከዚህ በታች ያለው ሁሉ ጥቁር ይሁን" የሚል መቁረጫ አላቸው። ጠይም ወይም ጥቁር ፊት ላይ ጥላ ያረፈበት ጉንጭ ከዚያ መቁረጫ በታች ይወድቃል። ውጤቱ ግማሽ ፊት እና ግማሽ የቀለም ጠርሙስ የፈሰሰበት ነገር ነው። መፍትሔው ቀላል ነው። ፊልተር ከመንካታችሁ በፊት ጥላውን ብቻ ከፍ አድርጉት። ፎቶሾፕ ውስጥ ካሜራ ሮው ላይ "ሻዶውስ" የሚለውን ወደ ቀኝ መግፋት ነው። ጂምፕ ውስጥ ደግሞ ከለርስ ሥር "ሻዶውስ ሃይላይትስ" የሚል አለ። አጠቃላይ ብርሃኑን አትጨምሩ። እሱ ቆዳውን ያነጣዋል እንጂ ጥላውን አይፈታውም።

ፎቶው ገና ካልተነሳ ደግሞ እድለኞች ናችሁ። መስኮት አጠገብ፣ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዙራችሁ አንሷት። የእኩለ ቀን ፀሐይ ዓይን ሥር ጉድጓድ ይሠራል። ከኋላ ያለው ግድግዳ ከፀጉሯ ቀለም የራቀ ይሁን። ጥቁር ፀጉር በጥቁር መጋረጃ ፊት ከተነሳ የትኛውም ፕሮግራም አይለየውም።

ፎቶሾፕ ወይስ ጂምፕ?

ፎቶሾፕ ያላችሁ ሰዎች መንገዳችሁ አጭር ነው። ፊልተር፣ ከዚያ ፊልተር ጋለሪ፣ ከዚያ አርቲስቲክ ሥር "ፖስተር ኤጅስ" የሚለውን ክፈቱ። ሦስት ስላይደር አለው። አንዱ የመስመሩን ውፍረት፣ ሁለተኛው የመስመሩን ጥንካሬ፣ ሦስተኛው የቀለሙን ደረጃ ይወስናል። እዚያው አጠገብ "ካትአውት" አለ። እሱ መስመር አያወጣም፤ ፊቱን ከባለቀለም ወረቀት ተቆርጦ የተለጠፈ ያስመስለዋል። ለወጣት ፊት ካትአውት ያምራል። ሽበትና የፊት መስመር ላለው ሰው ፖስተር ኤጅስ ይሻላል፣ ግን ውፍረቱን ዝቅ አድርጉ።

ሁለት ነገር ልብ በሉ። ፊልተር ጋለሪ ደብዝዞ አልነካ ካላችሁ ፋይሉ ሲኤምዋይኬ (የኅትመት ቀለም አሠራር) ወይም 16 ቢት ነው ማለት ነው። ወደ አርጂቢ (የስክሪን ቀለም አሠራር) እና 8 ቢት ቀይሩት፣ ይከፈታል። ሌላው የፎቶው መጠን ነው። ፊልተሩ የሚሠራው በፒክስል ስለሆነ ትልቅ ፎቶ ላይ መስመሩ ፀጉር ያክላል፣ ትንሽ ፎቶ ላይ ደግሞ ጣት ያክላል። አዲስ የስልክ ካሜራ ያነሳውን እንዳለ ከጫናችሁት "ምንም አልሠራም" ትላላችሁ። ወርዱን ወደ 1500 ፒክስል አውርዳችሁ ሞክሩት። ከፊልተሩ በፊት ሌየሩን (ምስሉ ያለበትን ንብርብር) ስማርት ኦብጀክት ካደረጋችሁት ደግሞ ነገ ተመልሳችሁ ስላይደሩን መቀየር ትችላላችሁ።

ችግሩ ዋጋው ነው። ፎቶሾፕ በወር የሚከፈል ነው፣ ያውም በውጭ ምንዛሬ ካርድ። አዲስ አበባ ላለ ሰው ይሄ ራሱን የቻለ ራስ ምታት ነው። ክራክ የተደረገውን የሚጭን ብዙ አለ፤ አብሮት የሚመጣውን ቫይረስ ግን ማንም አይቆጥረውም።

ጂምፕ ነጻ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1990ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ ያለ፣ በበጎ ፈቃደኞች የሚሠራ ፕሮግራም ነው። "ፊልተርስ" ውስጥ "አርቲስቲክ" ሥር "ካርቱን" የሚል በስሙ የተቀመጠ ፊልተር አለው። ስላይደሩ ሁለት ብቻ ነው፦ "ማስክ ሬዲየስ" እና "ፐርሰንት ብላክ"። የሚሠራው ከአካባቢው ጠቆር ያለውን ቦታ ይበልጥ በማጥቆር ነው፣ በወፍራም ጥቁር እስክሪብቶ እንደተሳለ። ሁለተኛውን ስላይደር ቶሎ አትግፉት፣ ጠይም ፊት ላይ በፍጥነት ይጠቁራል። ይሄ ፊልተር ቀለሙን አይቀንስም። ስለዚህ ቀጥሎ ከለርስ ውስጥ ገብታችሁ "ፖስተራይዝ" አድርጉ። እኔ ስድስት ደረጃ ላይ አቆምኩት። አራት ላይ የእማዬ ጉንጭ ብርቱካን ሆነ።

እ.ኤ.አ. በ2025 የወጣው ጂምፕ 3 ደግሞ ፊልተሩን ፎቶው ላይ ሳያጣብቅ ስለሚያስቀምጠው እንደ ፎቶሾፑ ተመልሶ ማስተካከል ይቻላል። ለእኔ ከዚያ በፊት ጂምፕን ያስጠላኝ የነበረው ይሄ ነበር። ጂሚክ የሚባል በመቶዎች የሚቆጠር ፊልተር የያዘ ነጻ ተጨማሪም አለው። የሠራው ፈረንሳይ ካን (Caen) ከተማ ያለ የምርምር ቤተ ሙከራ ነው። እሱን ስትከፍቱ ግን ሰዓታችሁን ተመልከቱ። አንዱን ልይ፣ ሌላውን ልይ ስትሉ ይነጋል።

በእኔ ሚዛን፣ ለፊልተር ብቻ ብላችሁ ፎቶሾፕ አትግዙ። ቀድሞ ካላችሁ ተጠቀሙበት። ከሌላችሁ ጂምፕ ይበቃል።

አሁን ወደ እማዬ ልመለስ። የሁለቱም ፊልተር ውጤት ፊቷ ላይ ደህና ነበር፣ ነጠላዋ ላይ ግን አልቻልኩም። የነጠላው ክር እያንዳንዱ መስመር ሆኖ ወጣ። ትከሻዋ ላይ የዓሣ መረብ የጣሉባት መሰለች። እንዲህ ዓይነት ልብስ ካለ ፊቱንና ልብሱን ለየብቻ ሌየር አድርጉ። ልብሱን መጀመሪያ በብለር አደብዝዙት፣ ከዚያ ፊልተሩን ልቀቁበት። እጥፋቱ ይቀራል፣ ክሩ ይጠፋል። ጥለቱን በኋላ በእጅ መመለስ ነው።

ለትልቅ ኅትመት፦ ቬክተር

ፎቶሾፕና ጂምፕ የሚሰጧችሁ የፒክስል ምስል ነው። ሲለጠጥ ይደበዝዛል። ቬክተር ግን መስመሩን በሒሳብ ስለሚይዘው ከኩባያ እስከ ሕንጻ ላይ ባነር ቢለጠጥ ጠርዙ እንደ ምላጭ ነው።

እዚህ ሁለት ምርጫ አለ። የሚከፈልበት ኢሉስትሬተር ፎቶን ወደ ቬክተር የሚቀይር "ኢሜጅ ትሬስ" አለው፤ ባለ 3፣ ባለ 6 እና ባለ 16 ቀለም የተዘጋጁ አማራጮች አሉት። ነጻው ኢንክስኬፕ "ትሬስ ቢትማፕ" የሚል አለው፣ "ፓዝ" በሚለው ውስጥ። መልቲከለር የሚለውን መርጣችሁ የቀለሙን ብዛት ስጡት። "ስታክ" የሚለው ምልክት ይደረግበት። ቀለሞቹ አንዱ በሌላው ላይ ስለሚደረቡ በመካከላቸው ነጭ ስንጥቅ አይታይም።

ኢንክስኬፕ ላይ ጀማሪ ሁሉ የሚደነግጥበት ነገር አለ። ትሬሱ ሲያልቅ ምንም ያልሆነ ይመስላል። አዲሱ ምስል የተቀመጠው በፎቶው ላይ ልክ ተደርቦ ነው። ያዙና ወደ ጎን ሳቡት፣ ሥሩ ፎቶው አለ። እኔ አምስት ጊዜ "አልሠራም" ብዬ ደጋግሜ አምስት እማዬ ተደራርባ አገኘኋት። ኮምፒውተሩም መንቀራፈፍ ጀመረ።

በቀጥታ ፎቶ ላይ ትሬስ ማድረግ ግን አልመክርም። በሺዎች የሚቆጠር ነጥብ ያለው ከባድ ፋይል ይሰጣችኋል፣ ፊቱም የተሸበሸበ ካርታ ይሆናል። ቬክተር የሚያምረው ቀድሞ የተጣራ ነገር ሲሰጡት ነው። ንጹሕ ጥቁርና ነጭ ሥዕል ስጡት፣ በሰከንድ ውስጥ ልቅም አድርጎ ያወጣዋል። ያ ንጹሕ ሥዕል ከየት ይመጣል? ከእጃችሁ።

በእጅ መከተል

እዚህ ጋ "እኔ ሥዕል አልችልም" የሚል ድምፅ ይሰማኛል። እኔም አልችልም። ይሄ መሳል አይባልም። ልጅ እያለን መጽሐፍ ላይ ስስ ወረቀት አስቀምጠን ሥዕሉን በእርሳስ እንከተል የነበረውን አስታውሱ፣ እሱ ነው።

ስልክ ላይ ኢቢስ ፔይንት ነጻ ነው፤ ማስታወቂያውን ግን መታገሥ ነው። ኮምፒውተርና የመሳያ ብዕር ካላችሁ ክሪታም ነጻ ነው፣ ለሥዕል ተብሎ የተሠራም ነው። ፎቶውን አስገቡ። የሌየሩን "ኦፓሲቲ" (ምን ያህል ጎልቶ እንደሚታይ የሚወስነውን) ወደ ግማሽ አውርዱት። ከላዩ አዲስ ባዶ ሌየር ክፈቱና ተከተሉ። "ስታቢላይዘር" የሚለውን ከፍ ካደረጋችሁት የእጅ መንቀጥቀጥ ይጠፋል። በጣት ይሠራል፣ ብዕር ካለ ይቀላል።

ጥበቡ ያለው ምኑን እንደማታሰምሩ ማወቅ ላይ ነው። ፊት ላይ የምትጨምሩት እያንዳንዱ መስመር ዕድሜ ይጨምራል። አፍንጫን በሁለት ጎን አታጥሩት፤ ቀዳዳዎቹና ከሥሩ ያለች አጭር መስመር ትበቃለች። ጥርስን አንድ በአንድ አትለያዩ፣ አንድ ነጭ ቅርጽ አድርጉት። አለያያችሁት ማለት አጥር ነው። ከአፍንጫ ወደ ከንፈር የሚወርደውን የሳቅ መስመር እስከ መጨረሻው አትሳቡት፣ ጀምሩና ተዉት። የውጭው መስመር ወፍራም፣ የውስጡ ቀጭን ይሁን። ሹሩባን ጉንጉን በጉንጉን መቁጠር አያስፈልግም። ሦስት አራቱን በደንብ ካሳያችሁ ዓይን ሌላውን ራሱ ይሞላዋል።

ለቀለሙ ከመስመሩ ሥር ሌላ ሌየር። መነሻውን ከጉንጯ ላይ በቀለም መቅጃው ውሰዱ። ለጥላው ጥቁር አትቀላቅሉበት። ጥቁር የገባበት ጠይም ቆዳ አመድ ይመስላል። ወደ ቀይ ቡኒ ውሰዱት። ለሚያበራው ቦታም ነጭ አትጠቀሙ፣ ወደ ቢጫ ጠጋ ያለ ፈካ ያለ ቡኒ ይሁን። ሦስት ቀለም ለፊት በቂ ነው።

ይሄ መንገድ ሁለት ማታ ወስዶብኛል። ከአምስቱ ሁሉ እማዬን እማዬ ያደረጋት ግን እሱ ነው። ንቅሳቱን ነጥብ በነጥብ ነው የተከተልኩት።

ኤአዩስ?

እውነቱን ለመናገር መጀመሪያ የሞከርኩት እሱን ነው። ማን ይደክማል! ፎቶ ጫን፣ አንድ ዓረፍተ ነገር ጻፍ፣ ሻይህን ሳትጨርስ ካርቱን። እ.ኤ.አ. በ2016 ፕሪስማ የተባለው መተግበሪያ ፎቶን እንደ ሥዕል ሲያደርግ ዓለም ተደንቆ ነበር። በ2025 መጋቢት ደግሞ ቻትጂፒቲ ፎቶን በጃፓኑ ጂብሊ ስቱዲዮ አሳሳል መቀየር ሲጀምር የሁላችንም ፕሮፋይል በአንድ ሳምንት ውስጥ አንድ መሰለ።

ሁለቱ ግን አንድ ዓይነት አይደሉም። ፕሪስማና መሰሎቹ የእናንተኑ ፎቶ መሠረት አድርገው መልኩን ያለብሱታል። ዓይኑ ያለበት ዓይን አለ። አዳዲሶቹ ግን ፎቶውን አይተው አዲስ ሰው ነው የሚስሉት። ስለዚህ ሥዕሉ በጣም ያምራል፣ ሰውየው ግን የአጎቱ ልጅ ይሆናል።

እኔ የሞከርኩት አንዱ መተግበሪያ ለእማዬ 30 ዓመት ቀነሰላት። ቆዳዋን አፈካው፣ አፍንጫዋን አሳነሰው፣ ንቅሳቱን እንደ ቆሻሻ ጠረገው። አሳየኋት። መነጽሯን አድርጋ አየችና "ቆንጆ ናት፣ የማን ልጅ ናት?" አለች።

እንጠቀም ካላችሁ ትእዛዙ ውስጥ ምን እንዳይነካ በዝርዝር ጻፉ፦ ዕድሜዋ፣ የቆዳዋ ቀለም፣ የፊቷ መስመር፣ ንቅሳቱ፣ ነጠላው። ደጋግማችሁ አስወጡና ከፎቶው ጋር ጎን ለጎን አስቀምጣችሁ ምረጡ። ምስሉ ስንት ፒክስል እንደሆነም ለኅትመት ከመላካችሁ በፊት እዩ። አንድ ነገር ደግሞ አለ። ፎቶው የሚሄደው የሰው ሰርቨር ላይ ነው። የራሴን እጭናለሁ፣ የሌላ ሰው ልጅን ፎቶ ግን ወላጁን ሳልጠይቅ አልጭንም። ጂምፕና ኢንክስኬፕ ኢንተርኔት ተዘግቶ እንኳን ይሠራሉ።

ለጨዋታ፣ ለስቲከር፣ ለአንድ ቀን ፕሮፋይል ኤአይ ይብቃችሁ። ሰውየው ራሱን እንዲያውቅ የምትፈልጉ ከሆነ ወደ እጃችሁ ተመለሱ።

ማተሚያው ጋ

እኔ በመጨረሻ የቀላቀልኩት ሁለቱን ነው። መስመሩን ስልክ ላይ በእጅ አወጣሁ፣ በኢንክስኬፕ ቬክተር አደረግሁት፣ ቀለሙን እዚያው ሞላሁ። ፒክስል የምትልኩ ከሆነ ግን ሒሳቡን ያዙት። 30 ሴንቲ ሜትር ወርድ ያለው የቲሸርት ምስል በ300 ዲፒአይ (በአንድ ኢንች 300 ነጥብ) ወደ 3500 ፒክስል ይፈልጋል። ፒኤንጂ አድርጋችሁ ከኋላው ባዶ ይሁን። ጄፒጂ ከላካችሁ ከምስሉ ጀርባ ነጭ ሳጥን አብሮ ሊታተም ይችላል።

የኅትመቱን ዓይነት ቀድማችሁ ጠይቁ። ስክሪን ፕሪንት ከሆነ ለእያንዳንዱ ቀለም የየራሱ ፍሬም ስለሚሠራ ቀለም በበዛ ቁጥር ዋጋው ይንራል። ባለ ሦስት ቀለም ካርቱን እዚያ ያዋጣል። ዲቲኤፍ (ፊልም ላይ ታትሞ በሙቀት ጨርቁ ላይ የሚለጠፍ) ከሆነ የፈለጋችሁትን ያህል ቀለም ተጠቀሙ። ስክሪናችሁ ላይ ያበራ የነበረው ቀለም ጨርቅ ላይ ደብዘዝ ስለሚል ሁሉንም ከማሳተማችሁ በፊት አንድ ብቻ አስወጡ።

እኔን ያዳነኝ ያ አንዱ ነው። እህቴ ጥቁር ቲሸርት ነበር የመረጠችው። የእማዬ ፀጉር ጨርቁ ውስጥ ሰምጦ ጠፋ፣ ፊቷ ብቻ አየር ላይ ቀረ። ዙሪያዋን እንደ ስቲከር ነጭ ጠርዝ ዞርኩላት። ወፍራም፣ ከሩቅ የሚታይ። ፀጉሯ ተመለሰ።

ሁለተኛውን ናሙና ለራሷ ለእማዬ ወሰድኩላት። ለረጅም ጊዜ ያዘችው። ንቅሳቱን በጣቷ ነካ ነካ አደረገችው። ከዚያ ወደ ነጠላው ወረደች።

"ጥለቱስ?" አለች። "ጥለት የሌለው ነጠላ አልብሰህ ልጆቹ ፊት ልታወጣኝ ነው?"

እውነቷን ነው፣ በእጅ የተከተልኩት ነጠላውን ብለር ያደረግኩበትን ፎቶ ስለነበር የጠፋውን ጥለት መመለስ ረስቼዋለሁ። ያን ማታ ሁለት መስመር አረንጓዴና አንድ ቢጫ ጨምሬ ፋይሉን ድጋሚ ላክሁት።